በባላንጣ ሚዛን

የማርቭልና የዲሲ የቡድን ፊልሞች ብዛታቸው ብዙ ቢሆንም ስብከታቸው አንድ ነው። እያንዳንዱ ጀግና ለብቻው አገር የሚያህል ጉልበት ቢኖረውም ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከሌሎች ጎን እስካልቆመ ድረስ ዓለም አትድንም ይላሉ። አቬንጀርስ ይህንኑ ይላል፤ ጀስቲስ ሊግም ይህንኑ ይላል፤ ኤክስ-ሜን፣ ፋንታስቲክ ፎርና ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲም በየራሳቸው ዜማ ይደግሙታል። ይህን የመተባበር ስብከት ለዓለም ያደረሱት ሁለት ቤቶች ግን ከ60 ዓመት በላይ ሲፎካከሩ የኖሩ ባላንጣዎች ናቸው። ከፊልሞቹም አንዳንዶቹ የተወለዱት አንዱ ሌላውን ለመቅደም ሲጣደፍ ነው። ራስን ዝቅ ማድረግን የሚያስተምር ታሪክ ጎረቤትን ለመብለጥ ሲባል ሲሠራ ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሲኒማ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ከጥንት ጀምሮ ሲያመላልሱት የኖሩት ነው። ከፉክክር የተወለደ ሥራ በጎ ሊሆን ይችላል ወይ? ጥፋትስ ካለ ያለው መፎካከሩ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? እንደኔ አስተያየት ጥፋቱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ሰው ከባላንጣው ጋር እኩል ስለሮጠ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የራሱን ሥራ በባላንጣው ውጤት መመዘን የጀመረ ዕለት ነው። የሁለቱ የኮሚክ ቤቶች ታሪክ ደግሞ ይህን ለመመርመር የሚመች ነው፤ ውሳኔዎቻቸው በአደባባይ የተደረጉ ናቸው፣ ውጤታቸውም በስክሪን ላይ ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩን ሥር አጥርቶ የሚያሳየው በመጽሐፈ ሳሙኤል ያለው የሳኦልና የዳዊት ታሪክ ነው። ጎልያድ ወድቆ ሠራዊቱ ሲመለስ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጡ፤ በዘፈናቸውም ለንጉሡ በሺህ፣ ለብላቴናው ግን በእልፍ ቆጠሩ። ልብ መባል ያለበት በዚያ ቀን ከሳኦል እጅ አንድም ነገር አለመውጣቱ ነው። ያሸነፈው የእርሱ ሠራዊት ነው፤ የዳነው የእርሱ ዙፋን ነው፤ ዳዊትም የእርሱ አገልጋይ ነው። የተለወጠው ሚዛኑ ብቻ ነው። ትናንት ክብር የነበረው ሺህ፣ አጠገቡ እልፍ ስለተጠራ ዛሬ ውርደት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሳኦል ጉልበት በአብዛኛው ያለቀው መንግሥቱን በመጠበቅ ሳይሆን በበረሃ አንድ ሰው በማሳደድ ነው። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት የሚመሳሰሉ ስሜቶችን ይለያል። አንዱ ባልንጀራው ያገኘውን በጎ ነገር እኔም ልድረስበት ብሎ የሚተጋ ሰው ስሜት ነው፤ ሌላው ለምን እርሱ አገኘው ብሎ የሚያርር ሰው ስሜት ነው። የመጀመሪያውን የጨዋ፣ ሁለተኛውን የወራዳ ይለዋል። ልዩነቱ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው አለ። ይህ ሰው የባልንጀራውን ጥፋት አይመኝም፤ ከሥራም አይሰንፍም። ባልንጀራው የደረሰበትን ቦታ ግን ያያል እንጂ ወደዚያ የሄደበትን ምክንያት አያይም። ስለዚህ እርሱ ራሱ ለምን እንደሚሄድ ይረሳል። የቡድን ፊልሞቹ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ የሦስተኛው ሰው ታሪክ ነው።

ገና ከመነሻው ሁለት ተቃውሞዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ ያለ ቅናት የተሠራ ሥራ ከየት ይገኛል የሚል ነው። መጽሐፈ መክብብ እንኳ የሰው ልፋትና ብልሃት ምንጩ የጎረቤት ቅናት መሆኑን ታዝቦ ከከንቱ ነገሮች ተራ መድቦታል፤ እንዲህ ከሆነ አንዱን ፉክክር ከሌላው መለየት ዋጋ የለውም ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ድርጅት ልብ የለውም የሚል ነው። ቅናትና ኩራት የሰው ስሜቶች ናቸው፤ አክሲዮንና ሒሳብ ሹም ያለው ኩባንያ ግን የሚመራው በትርፍና በኪሳራ ስለሆነ የኃጢአትን ቋንቋ ለእርሱ መዋስ ስህተት ነው ይባላል። ለመጀመሪያው መልሱ፣ መክብብ የተናገረው ሥራ ከየት እንደሚነሣ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሥራው ከተነሣ በኋላ በምን እንደሚለካ ነው። አንድ ሰው ጎረቤቱን አይቶ ሊነሣና በራሱ ልክ ሊሠራ ይችላል። ለሁለተኛው መልሱ ደግሞ፣ የድርጅት ውሳኔ ሁሉ የሰዎች ውሳኔ ነው፤ የሰዎቹን ልብ ማየት ባንችልም ሚዛናቸው በሥራው ላይ አሻራውን ይተዋል። ፊልሙ መቼ ይውጣ፣ ስንት ደቂቃ ይሁን፣ የትኛው ታሪክ ከየትኛው ይቅደም የሚሉት ውሳኔዎች የሚታዩና የሚመረመሩ ናቸው። ስለዚህ ፍርዳችን በስሜት ላይ ሳይሆን በእነዚህ ውሳኔዎች ላይ ይሁን።

ፉክክር ብቻውን መርዝ አለመሆኑን የሚያሳየው የታሪኩ መጀመሪያ ነው። ዲሲ በ1960 ሱፐርማንን፣ ባትማንን፣ ወንደር ዉመንንና ሌሎች ጀግኖቹን ጀስቲስ ሊግ በሚል ስም በአንድ መጽሔት አሰባሰበ፤ መጽሔቱም በደንብ ተሸጠ። ጸሐፊው ስታን ሊ ሲተርከው እንደኖረው፣ የማርቭሉ አሳታሚ ማርቲን ጉድማን ይህን ሽያጭ ሰምቶ እኛም የጀግኖች ቡድን ይኑረን አለ። የዚህ ትእዛዝ ውጤት በ1961 የወጣው ፋንታስቲክ ፎር ነው። ትእዛዙ ቅጂ እንዲሠራ ነበር፤ ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ የሠሩት ግን ቅጂ አይደለም። ጀስቲስ ሊግ ስብሰባ የሚቀመጡ የተከበሩ ሹማምንት ይመስል ነበር፤ ፋንታስቲክ ፎር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚነታረክ ቤተሰብ ሆነ። የተደበቀ ማንነት የላቸውም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች የጀግና ልብስ እንኳ አልለበሱም። ከአራቱ አንዱ ቤን ግሪም ድንጋይ የመሰለውን ገላውን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ እርግማን ይሸከመዋል። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ በዚያ ጊዜ የማርቭልን መጽሔቶች ወደ ገበያ የሚያከፋፍለው የዲሲ እህት ድርጅት መሆኑ ነው፤ በወር ከ8 ርዕስ በላይ እንዳያወጡም ወስኖባቸው ነበር። እንግዲህ ማርቭል በባላንጣው መልካም ፈቃድ እየተነፈሰ፣ በባላንጣው ሐሳብ ተቀስቅሶ ሳለ የራሱን ሥራ ሠራ። መነሻውን ከጎረቤት ወሰደ፤ መለኪያውን ግን ከራሱ ጠረጴዛ አላነሣም። ከፉክክር በጎ ሥራ ሊወለድ ይችላል ለሚለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ታሪኩ ወደ ሲኒማ ሲሻገር ያው እውነት ተደገመ። ማርቭል በ1996 መጨረሻ ኪሳራ አውጆ የነበረ ቤት ነው። ኤክስ-ሜንና ፋንታስቲክ ፎር በፎክስ፣ ስፓይደርማን በሶኒ እጅ ስለነበሩ ስሙን የሚያስጠሩት ጀግኖች ለፊልም አልነበሩለትም። በ2005 የ10 ኮሚክ ርዕሶችን የፊልም መብት መያዣ አድርጎ በሜሪል ሊንች በኩል የ525 ሚሊዮን ዶላር ብድር አገኘ፤ ፊልሞቹ ካልተሳኩ መብቱ ይወሰድበታል ማለት ነው። በ2008 የወጣው አይረን ማን ወደ 585 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በዚያው በጋ ግን የዲሲን ፊልሞች የሚሠራው ዋርነር ብራዘርስ ባትማንን ይዞ ያወጣው ዘ ዳርክ ናይት ከአንድ ቢሊዮን አለፈ፤ ኦስካርም አገኘ። ማርቭል በባላንጣው ሚዛን ቢመዘን ኖሮ የሚቀጥለውን ፊልም ጨለማ፣ ከባድና የፖሊስ ድራማ የመሰለ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን በጀመረው መንገድ ቀጠለ፤ ቀልዱንም ቀለሙንም አልተወም። ከ2008 እስከ 2011 ለአይረን ማን፣ ለኸልክ፣ ለቶርና ለካፕቴን አሜሪካ በአጠቃላይ 5 ፊልሞች ሠርቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ ካስተዋወቀ በኋላ በ2012 አቬንጀርስን አወጣ። ያ ፊልም አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ አስገባ። ተመልካቹ ስድስቱ ጀግኖች በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ክብ ሠርተው ሲቆሙ ሲያይ የተደሰተው ስድስት ስላየ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹን ቀድሞ ስላወቃቸውና ሲጣሉም ስላያቸው ነው።

ዋርነር ብራዘርስ ከዚህ ድል የወሰደው ትምህርት ቁጥሩን ነው። ቤቱ በ2013 ማን ኦቭ ስቲልን አውጥቶ ነበር። በጥቅምት 2014፣ በዚህ አዲስ ተከታታይ ያለው ፊልም ይህ አንዱ ብቻ ሳለ፣ እስከ 2020 የሚወጡ የ10 ፊልሞች ዝርዝር አስታወቀ፤ ጀስቲስ ሊግም በሁለት ክፍል ተከፍሎ ቀን ተቆረጠለት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማርቭልም የራሱን ዝርዝር አወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ባትማን ቪ ሱፐርማን ለግንቦት 6፣ 2016 ተይዞ፣ ማርቭል ሦስተኛውን ካፕቴን አሜሪካ በዚያው ቀን እንደሚያወጣ ሲያረጋግጥ ሁለቱ ቤቶች ለወራት ተፋጠው ቆዩ፤ በመጨረሻ ዋርነር ወደ መጋቢት ፈቀቅ አለ። የተፋጠጡት ቀረጻቸው ገና ላላለቀ ፊልሞች መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ነገሩ በሥራው ላይ የተወውን አሻራ ለማየት በባትማን ቪ ሱፐርማን ውስጥ አንድ ትዕይንት ይበቃል። ወንደር ዉመን ባትማን የላከላትን ኢሜይል ከፍታ ላፕቶፗ ፊት ትቀመጣለች። በስክሪኑ ላይ ፋይሎች አሉ፤ አንዱን ስትከፍት ፍላሽ በአንድ ሱቅ ካሜራ ይታያል፣ ሌላውን ስትከፍት አኳማን ከባሕር ሥር ብቅ ይላል፣ በሌላው ሳይቦርግ በላቦራቶሪ ውስጥ ሕይወት ይዘራል። ማርቭል ለአብዛኞቹ ጀግኖቹ ሁለት ሁለት ሰዓት የሰጠበትን ትውውቅ ዋርነር ከኢሜይል ጋር በተያያዙ ቪዲዮዎች ጨረሰው። እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው፣ ለምን ይፈላለጋሉ የሚለው ጥያቄ ጊዜ አልተሰጠውም፤ ጊዜ የተሰጠው መኖራቸውን ለማስታወቅ ብቻ ነው። ተመልካቹ ጓደኛ ሳይሆን ማስታወቂያ አየ።

ፈረንሳዊው አሳቢ ሬኔ ዢራር፣ ፋንታስቲክ ፎር በታተመበት በዚያው በ1961 ባወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ ሰው የሚመኘውን ነገር በራሱ እንደማያገኘውና ሌላው ሲመኘው አይቶ እንደሚመኘው ተከራክሯል። በኋለኞቹ ሥራዎቹም ሐሳቡን ወደፊት ገፍቶ፣ ሁለት ባላንጣዎች በተፋጠጡ ቁጥር የተጣሉበትን ነገር እየረሱ እርስ በርስ እየተመሳሰሉ እንደሚሄዱ ጽፏል። የ2016ቱ ሁለት ፊልሞች ለዚህ አስገራሚ ምስክር ናቸው። በስድስት ሳምንት ልዩነት የወጡት ባትማን ቪ ሱፐርማንና ሦስተኛው ካፕቴን አሜሪካ፣ ሲቪል ዋር፣ ሁለቱም ጀግና ከጀግና የሚያጋጩ ናቸው። በሁለቱም የጠቡ መነሻ በቀደሙት ፊልሞች ጀግኖቹ ሲዋጉ ያለቀው ሕዝብና የፈረሰው ከተማ ነው። በሁለቱም ከበስተጀርባ ሆኖ የሚያጋጫቸው ልዩ ጉልበት የሌለው ተንኮለኛ ሰው ነው። በሁለቱም ወሳኙ ነገር እናት ናት፤ በአንዱ የእናት ስም ሲጠራ የባትማን እጅ ይመለሳል፣ በሌላው አይረን ማን ቶኒ ስታርክ የእናቱን አሟሟት ሲያይ እጁን ይሰነዝራል። ሁለቱ ቤቶች ተመካክረው ይህን አላደረጉትም፤ ሲቪል ዋርም በ2006 የወጣ የራሱ ኮሚክ መነሻ አለው። ቢሆንም ሁለት ድርጅቶች ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ተመልካች፣ ለአንድ ዙፋን ሲሻሙ ከቆዩ በኋላ በአንድ ጸደይ አንድ ዓይነት ታሪክ ይዘው መምጣታቸው ብዙ ይናገራል። በባላንጣ ሚዛን የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ኪሳራው ይህ ነው፤ የሚያሸንፈው መስሎት የሚያጣው መልኩን ነው።

የሁለተኛው ኪሳራ ስም ጥድፊያ ነው። ጀስቲስ ሊግ በ2017 ከመውጣቱ ወራት ቀደም ብሎ ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰቡ ላይ በደረሰ ከባድ ሐዘን ሥራውን ለቀቀ። እንዲጨርሰው የተጠራው ጆስ ዊደን ሲሆን፣ እርሱ የማርቭልን ሁለት የአቬንጀርስ ፊልሞች የሠራ ሰው ነው። ስቱዲዮው የባላንጣውን ውጤት ሲመኝ ኖሮ በመጨረሻ የባላንጣውን እጅ ራሱን አስመጣ። ብዙ ትዕይንት እንደገና ተቀረጸ፤ የኅዳሩ መውጫ ቀን ግን አልተነካም፤ ፊልሙም በ120 ደቂቃ ተቋጨ። የዚህ ሁሉ ማኅተም በሱፐርማን የላይኛው ከንፈር ላይ ይታያል። ተዋናዩ ሄንሪ ካቪል በዚያ ጊዜ ለሌላ ስቱዲዮ ፊልም ጢም አሳድጎ ስለነበርና እንዳይላጭ ስለተከለከለ ጢሙ በኮምፒውተር ተፋቀ። ፊልሙ የሚከፈተው ልጆች በስልክ እየቀረጹ ሱፐርማንን ሲያነጋግሩ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ አፉ ሲንቀሳቀስ ከንፈሩ ከፊቱ ጋር አይሄድም። የዓለም ተስፋ ነው የተባለው ሰው ስለ ተስፋ ሲናገር ፊቱ እውነት አልመስል ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ የተተረተ ይመስላል። ፊልሙ 660 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ይህም በየትኛውም ሚዛን ብዙ ገንዘብ ነው። ለአቬንጀርስ የተቆጠረው እልፍ አጠገቡ ስለነበር ግን እንደ ሽንፈት ተቆጠረ፤ የተከታዩ ክፍል ዕቅድም ተሠርዞ ቀረ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። አንድን ፊልም የቤተሰብ ሐዘን፣ የዳይሬክተር መለወጥና የቀረጻ ችግር ካበላሸው በኋላ ውድቀቱን በቅናት ማሳበብ ፍትሐዊ ነው ወይ? ሐዘኑ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከክርክሩም ውጭ ነው። ክርክሩ ያለው ሐዘኑ ሲመጣ በተሰጠው መልስ ላይ ነው። አንድ ሥራ በራሱ ምክንያት ሲሠራ፣ መከራ ሲገጥመው ቀኑ ይገፋል፣ ሠራተኛው ይታገሣል፤ ሥራው እስኪበስል ይጠበቃል። ቀኑ የተተከለው ከሌላ ቤት ጋር ለመስተካከል ከሆነ ግን ማቆም ሽንፈት ስለሚመስል ሁሉ ነገር ለቀኑ ይሠዋል። በ2021 የስናይደር የራሱ ቅጂ አራት ሰዓት ገደማ ሆኖ ሲለቀቅ የታየውም ይኸው ነው። ያ ፊልም ፍጹም ነው ማለት አይደለም፤ ረጅምና ክብደት የሚበዛበት ነው። ነገር ግን በ2017ቱ ቅጂ ጥግ ይዞ የቀረው ሳይቦርግ እዚያ የታሪኩ ልብ ሆኖ፣ ከአባቱ ጋር ያለው ቂምና ሐዘን ቦታ አግኝቶ ይታያል። በጥድፊያው የተጣለው ትርፍ ነገር አልነበረም፤ ቡድን እንዲፈጠር ምክንያት የሚሆነው ሰው ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የነጋዴ ነው። ፊልም ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ከተፎካካሪ ገቢ ጋር ካልተመዘነ በምን ይመዘን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የዲሲ የራሱ ታሪክ ነው። ጀስቲስ ሊግ ከመውጣቱ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ2017፣ ፓቲ ጄንኪንስ የሠራችው ወንደር ዉመን ወጥቶ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አንዲት ጀግና ብቻዋን ሙሉውን ቡድን በገቢ በለጠች። ፊልሙ ስለ አቬንጀርስ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነትና ሰው ክፉ ሆኖ ሳለ መዳን ይገባዋል ወይ ስለሚል ጥያቄ ነው። ጀግናዋ ዲያና ከምሽጉ መሰላል ወጥታ በሁለቱ ጦሮች መካከል ወዳለው ባዶ ሜዳ ስትገባ የጥይቱን ውርጅብኝ በጋሻዋ ትቀበላለች፤ ያኔ ፈርተው የተቀመጡት ወታደሮች አንድ በአንድ ተነሥተው ይከተሏታል። ጀስቲስ ሊግ ስለ ቡድን ብዙ ተናግሮ ያላሳየውን፣ ቡድን እንዴት እንደሚወለድ፣ ይህ ትዕይንት በጥቂት ደቂቃ አሳይቷል። በ2019 የወጣው ጆከርም ከማርቭል ጋር የሚያመሳስለው አንድ ነገር ሳይኖረው በቬኒስ ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ ወሰደ፤ በገቢም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ስለዚህ ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ የሚማረው አለ። ገበያው ራሱ የሰጠው ፍርድ፣ ዲሲ ማርቭልን ለመሆን ሲጥር ይከስራል፣ ራሱን ሲሆን ያተርፋል የሚል ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

እስካሁን የተባለው ማርቭልን ጻድቅ፣ ዲሲን ኃጥእ ያደረገ ይመስል ይሆናል። የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ ግን ይህን ፍርድ ይሰብረዋል፤ ክርክሩንም ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ማርቭል በ2019 አቬንጀርስ፦ ኤንድጌምን አውጥቶ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካስገባ በኋላ ፊቱ የቆመ ባላንጣ አልነበረውም። የነበረው የራሱ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ለባለቤቱ ለዲዝኒ የስትሪሚንግ አገልግሎት ተከታታይ ድራማዎች በላይ በላዩ ተመረቱ። በ2021 የወጣው ኢተርናልስ 10 አዳዲስ ጀግኖችን በአንድ ፊልም ሊያስተዋውቅ ሞከረ፤ ማርቭል ራሱ በ2012 ያሸነፈበትን ትዕግሥት ረሳ። በ2023 የወጣው ዘ ማርቭልስ 206 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ የተከታታዩ ዝቅተኛ ገቢ ሆነ፤ በወቅቱ የዲዝኒ ኃላፊ የነበረው ቦብ አይገርም የምርቱ ብዛት ትኩረትን እንደበተነ በይፋ ተናገረ። እዚህ ውስጥ ዲሲ የለም። ቤቱ የሚሮጠው ከትናንት ራሱ ጋር ነው። ይህ የሚያሳየው ቅናት ጎረቤት እንኳ የማያስፈልገው መሆኑን ነው፤ ሰው በራሱ ያለፈ ክብር ላይ ሳኦል ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ፉክክርን በማጥፋት በሽታው አይድንም። ባላንጣው ቢጠፋ እንኳ ሚዛኑ ይቀራል።

ከዚህ ተነሥቶ መፍትሔው መተባበር ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ቢስማሙ ይሻላል የሚል ይኖራል። እነርሱም ብዙ ጊዜ ተስማምተዋል። በ1976 ሱፐርማንና ስፓይደርማን በአንድ መጽሔት ተገናኝተዋል፤ በ2003 ደግሞ ከርት ቢውዚክና ጆርጅ ፔሬዝ አቬንጀርስንና ጀስቲስ ሊግን በአንድ ታሪክ አጋጥመው አስታርቀዋል። ፔሬዝ በጠና በታመመ ጊዜ፣ በ2022፣ ሁለቱ አሳታሚዎች ያ ሥራ የኮሚክ ባለሙያዎችን ለሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት በ7,000 ቅጂ እንደገና እንዲታተም ፈቀዱ። ይህ ያማረ ስምምነት ነው። ሌላም ስምምነት ግን ነበራቸው። ሱፐርሂሮ የሚለውን መጠሪያ ራሱን ሁለቱ ቤቶች በጋራ የንግድ ምልክት አድርገው ለአሥርታት ያዙት፤ ሌሎች ትናንሽ አሳታሚዎች እንዳይጠቀሙበት ይከላከሉም ነበር። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ችሎት ይህን የሰረዘው በ2024 ነው። እንግዲህ ሁለት ባላንጣዎች ሦስተኛውን ለማስወጣትም እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። መተባበር በራሱ ፍቅር አይደለም፣ መፎካከርም በራሱ ጥላቻ አይደለም። ሁለቱም ለምን ዓላማ እንደተደረጉ ካልተጠየቀ ስለ በጎነታቸው የሚነግሩን ነገር የለም።

ሚዛኑን ማን እንደያዘ ከማንም በላይ ያሳየው የጄምስ ገን ጉዞ ነው። ይህ ሰው ለማርቭል ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲን ሠራ፤ በ2018 ተባረረ፤ ዲሲ ወስዶ ዘ ሱሳይድ ስኳድን አሠራው፤ ማርቭልም መልሶ ጠርቶ ሦስተኛውን ጋርዲያንስ አሠራው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከፒተር ሳፍራን ጋር የዲሲ ስቱዲዮስ ኃላፊ ነው። ከጆስ ዊደን ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም ከማርቭል ወደ ዲሲ የተሻገሩ ናቸው። ልዩነቱ ዊደን የተጠራው የተጀመረን ሥራ ወደ ባላንጣው መልክ እንዲያቀርብ ሲሆን፣ ገን ግን በሁለቱም ቤት የሠራው የራሱን፣ የተጣሉና የተናቁ ሰዎች ቤተሰብ የሚሆኑበትን ታሪክ መሆኑ ነው። በሐምሌ 2025 የእርሱ ሱፐርማንና የማርቭል ፋንታስቲክ ፎር በሁለት ሳምንት ልዩነት ወጡ። አንዱ ከ600፣ ሌላው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ፤ የትኛውም ሌላውን አልዋጠም፣ የትኛውም ሌላውን አልመሰለም። ፉክክሩ እንደ ቀድሞው አለ፤ ግን በዚያ ወር ተመልካቹ ሁለት መልክ ያላቸው ሁለት ሥራዎች አገኘ።

በሳኦል ቤት የዳዊትን እልፍ የሰማ ሌላ ሰው ነበር፤ ልጁ ዮናታን። በዳዊት መነሣት ከንጉሡ ይልቅ የሚያጣው እርሱ ነው፤ የአልጋው ወራሽ ነውና። ሆኖም መጎናጸፊያውንና ሰይፉን አውልቆ ለዳዊት የሰጠው እርሱ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የባሕርይ ደግነት ብቻ አድርገን እንወስደዋለን። መጽሐፉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ዳዊት ገና በጎች ሲጠብቅ፣ ዮናታን ጋሻ ጃግሬውን ብቻ አስከትሎ በገደል ወጥቶ የፍልስጥኤማውያንን ጭፍራ መምታቱን ይነግረናል። ሲሄድ ሕዝቡ አላወቀም፤ ከማንም ጋርም አልተቆጠረም። የራሱን ሥራ በራሱ ምክንያት የሠራ ሰው የሌላው ቁጥር ሲጠራ የሚፈርስበት ነገር የለውም። ከዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ እንግዲህ ቀላልና ጥብቅ ነው። ባላንጣህ ነገ ቢጠፋ ይህን ሥራ ትቀጥለዋለህ ወይ? የ1961ዱ ፋንታስቲክ ፎር፣ የ2012ቱ አቬንጀርስና የ2017ቱ ወንደር ዉመን ለዚህ አዎ ይመልሳሉ፤ ሌላ ቤት ባይኖርም የሚነግሩት ታሪክ ነበራቸው። የ2017ቱ ጀስቲስ ሊግ ግን ያለ አቬንጀርስ በዚያ ቀን፣ በዚያ ርዝመት፣ በዚያ ከንፈር ሊወጣ ምክንያት አልነበረውም። ጥያቄው ለሰባኪም፣ ለነጋዴም፣ ለደራሲም እኩል ይሠራል። አዎ ብሎ የሚመልስ ሰው የፈለገውን ያህል ቢፎካከር አይጎዳም፤ መፎካከሩ እግሩን ያፈጥንለታል። መመለስ ያቃተው ግን ቢቀድምም የደረሰበት ቦታ የእርሱ አይደለም።